መስመሩን ከመክሰሳችን በፊት ላፕቶፓችንን እንመርምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንባቢያን አምዳችሁ ላይ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው የሚላኩ የኢንተርኔት ቅሬታዎችን በትኩረት እከታተላለሁ። ቅሬታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ፍጥነት ይጨመርልን የሚል። መስመር በእርግጥ የሚደክምበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ሆኖም ኮምፒውተር መጠገንና ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሥርዓት) መጫን የዕለት ሥራዬ እንደመሆኑ፣ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ተብለው ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች መካከል ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው ከመስመሩ ጋር የማይገናኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚህ ደብዳቤ የማነሳው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ እያለ፣ ባለቤቱ ሳያዝዘው ከበስተጀርባ ሌሎች ዋይፋዮችን ስካን ማድረጉ፣ ማለትም በአካባቢው ማን ማን እንዳለ መፈለጉ፣ የሚያመጣው መዘግየትና ይህን ማስቆም የሚቻልበት መንገድ ነው።

ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ኡስታዝ ከመግሪብ በኋላ ውጭ አገር ለሚያድጉ የወሎ ልጆች በቪዲዮ ጥሪ ቁርአን ያስቀራሉ። ትምህርቱ ጆሮን የሚጠይቅ ነው፤ ልጁ መዱን (የሚረዝመውን ድምፅ) በልኩ መሳቡን፣ ፊደሉንም ከመውጫው ማውጣቱን መምህሩ ጥርት አድርገው መስማት አለባቸው። እርሳቸው ዘንድ ግን የልጁ ድምፅ በመሃል ድንገት ይጠፋና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ የተጠራቀመው ሁሉ ተጣድፎ ይመጣል። «ልጁ ተሳስቶ ይሁን ኔትወርኩ ቆርጦት መለየት እያቃተኝ፣ አሳምሮ የቀራውን ልጅ ድገም እለዋለሁ» አሉኝ። የኢንተርኔት ፓኬጃቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ራውተሩንም አስቀይረዋል፤ ለውጥ ግን አላዩም። አጠገባቸው ተቀምጬ ስከታተል ትኩረቴን የሳበው መቋረጡ ሰዓት ጠባቂ መሆኑ ነበር፤ በግምት በየሁለት ደቂቃው ይመጣል። መስመር በዝናብ፣ በመብራት መዋዠቅ ወይም በተጠቃሚ ብዛት ሲደክም እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። በተወሰነ ጊዜ ልዩነት የሚደጋገም እክል ሲታይ፣ አንድ ፕሮግራም በሰዓት ቆጣሪ እየሠራ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በተለመዱት ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ በአንድ ጊዜ ማዳመጥ የሚችለው አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የሞገድ መስመር፣ ብቻ ነው። ራውተራችን በቻናል 6 እየሠራ ካርዱ በቻናል 11 ላይ ማን እንዳለ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ቻናል 6ን ለጊዜው ትቶ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ከመሄዱ በፊት ለራውተሩ «ተኝቻለሁ» የሚል ትርጉም ያለው አጭር ምልክት ይልካል፤ ይህ ምልክት በመሠረቱ ለኃይል ቁጠባ የተሠራ ሲሆን፣ ራውተሩ ለዚያ ላፕቶፕ የመጣውን ዳታ ካርዱ እስኪመለስ ድረስ በሜሞሪው እንዲያቆይለት ያደርገዋል። ላፕቶፑም በበኩሉ ሊልክ ያዘጋጀውን ድምፅ ወረፋ ያስይዘዋል። ብቻውን የሚሠራ ባለሱቅ መስኮቱን ዘግቶ የጎረቤት ሱቆችን ዕቃ አይቶ እስኪመለስ ደንበኞች እንደሚሰለፉ፣ ሲመለስም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ እንደሚጣደፍ ማለት ነው። ዳታው ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ይዘገያል እንጂ። ኡስታዙ የሚሰሙት ተጣድፎ የሚመጣ ድምፅም ከዚህ የመነጨ ነው።

ካርዱ ከራውተሩ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ በስካኑ ዓይነት ይወሰናል። አንደኛው ዓይነት ካርዱ በየቻናሉ «ማን አለ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅበት ነው፤ በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ብዙ ድራይቨሮች (ካርዶችን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) በጋራ የሚጠቀሙበት ክፍል ለዚህ በአንድ ቻናል 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመድባል። ሁለተኛው ካርዱ ምንም ሳይናገር የሚያዳምጥበት ሲሆን፣ ራውተሮች መኖራቸውን የሚያሳውቁት በተለመደው አሠራር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ስለሆነ በአንድ ቻናል 110 ሚሊሰከንድ ያህል መቆየት ያስፈልጋል። በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከቻናል 52 እስከ 140 ያሉት 15 ቻናሎች በብዙ አገሮች ከራዳሮች ጋር በጋራ የሚሠራባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ካርዱ በእነርሱ ላይ ቀድሞ መናገር አይፈቀድለትም፣ ማዳመጥ ብቻ ነው። 15ቱን በ110 ስናባዛ እነዚህ ቻናሎች ብቻቸውን ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይወስዳሉ። በደንብ የተሠራ ድራይቨር ጥቂት ቻናሎችን አይቶ ወደ ራውተሩ ይመለሳል፣ ያጠራቀመውን ያስተላልፋል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ይህን በወጉ የማያደርጉ ድራይቨሮችና ካርዶች ግን አሉ፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ራውተር ከሚሠሩ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ሲቆራረጥ ሌላው ደህና ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣበትን ምክንያት ማስረዳት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ቪዲዮው ሲቆራረጥበት በመጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ከፍቶ ስንት ሜጋቢት እንደሚያገኝ ማየት ነው። ይህ መለኪያ ለብዙ ሰከንዶች የወረደውን ዳታ ደምሮ አማካይ ፍጥነቱን ስለሚያሳይ፣ በመሃል የተከሰተ የአንድ ሰከንድ ክፍተት በአማካዩ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ፋይል ማውረድም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ክፍተት ደንታ የለውም። ድምፅ ግን እንደዚያ አይደለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ፣ ድምፅ ከተናጋሪው ተነሥቶ አድማጩ ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ እንደሚመረጥ፣ ከ400 ሚሊሰከንድ ማለፍ ግን እንደሌለበት ያሳስባል። ላፕቶፑ በየጊዜው ለአንድ ሰከንድ ከራውተሩ የሚለይ ከሆነ፣ የተገዛው ፓኬጅ 4 ሜጋቢትም ይሁን 100 ይህን ወሰን ማለፉ አይቀርም። መዘግየትና ፍጥነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳይገነዘቡ ፍጥነት መጨመር፣ በተለይ በወር ገቢው ላይ ለሚጨነቅ ቤተሰብ፣ የሚያሳዝን ወጪ ነው።

ስካን እንዲደረግ የሚያዝዘው ማን ነው ከተባለ፣ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች፣ ኡቡንቱንና ሚንትን ጨምሮ፣ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ከእርሱ ሥር ደግሞ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት የሚባል ሌላ ፕሮግራም ከካርዱ ጋር ይነጋገራል። ኔትወርክ ማኔጀር በአካባቢው ያሉትን ዋይፋዮች ዝርዝር ትኩስ አድርጎ ለመያዝ በየጊዜው ስካን ያዝዛል፤ እንደ እትሙ ቢለያይም፣ በብዙ እትሞች የጊዜ ልዩነቱ ከ20 ሰከንድ ጀምሮ እየሰፋ እስከ 120 ሰከንድ ይደርሳል። የኡስታዙ ሁለት ደቂቃ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነበር።

ከዚህ ያላነሰ ትኩረት የሚሻው የሰፕሊካንቱ ስካን ነው፤ ምክንያቱም ከቤታችን አሠራር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ኔትወርክ ማኔጀር ለሰፕሊካንቱ የሚሰጠው የተለመደ ትእዛዝ፣ በተራ የይለፍ ቃል በሚሠራ ዋይፋይ ላይ፣ ሲግናሉ ከዜሮ በታች 70 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ከሆነው መስመር በላይ እስካለ ድረስ በ86400 ሰከንድ፣ ማለትም በቀን አንድ ጊዜ፣ ሲግናሉ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን በየ30 ሰከንዱ የተሻለ ራውተር ፈልግ የሚል ነው። እንግዲህ የደሴን ቤቶች እናስባቸው። ራውተሩ የሚቀመጠው መስመሩ በገባበት በሳሎኑ ቡፌ ላይ ነው፤ የሚማረው ልጅ ወይም በርቀት የምትሠራው እኅት ያሉት ደግሞ በጓሮ በኩል ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ በመካከል ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ፣ አንዳንድ ቦታም የራዲዮ ሞገድን የሚመልስ ቆርቆሮ አለ። እንዲህ ባለ ቤት ሲግናሉ ከወሰኑ በታች ለመውረድ ብዙ አይፈልግም። ላፕቶፑም የተሻለ ራውተር ካገኘሁ ብሎ በየግማሽ ደቂቃው ይፈልጋል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ግን ሌላ ራውተር የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ራውተሩን ከቡፌው አንሥቶ በር አጠገብ ከፍ አድርጎ መስቀል ወይም ጠረጴዛውን በር ወዳለበት ማዞር ሲግናሉን ከወሰኑ በላይ ካወጣው፣ ይህ የ30 ሰከንድ ፍለጋ ያለ አንዳች ሴቲንግ ይቆማል። ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ይህ እንዲሞከር አጥብቄ እመክራለሁ።

ሦስተኛው አዛዥ እኛው ራሳችን ነን። የዋይፋይ ዝርዝር የሚታይበትን የሴቲንግ መስኮት ከፍተን ስንተው፣ መስኮቱ ዝርዝሩን ለማደስ በየጥቂት ሰከንዱ ስካን ያስደርጋል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የሲግናሉን ጭረቶች እያዩ ለመከታተል ያንን መስኮት ከፍቶ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን መቆራረጡን ይብሱን ያበዛዋል። መስኮቱ ይዘጋ።

ችግሩ በእርግጥ ስካን መሆኑን ለማረጋገጥ ግምት አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍቶ፣ መልስ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በሚለካው ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ራውተሩን ራሱን መጠየቅ ነው፤ የራውተሩ አድራሻ በብዙ ቤቶች 192.168.1.1 ሲሆን፣ ካልሆነም በግንኙነቱ ዝርዝር ውስጥ ጌትዌይ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ውጭ አገር ያለ ድረ ገጽን ፒንግ ማድረግ ለዚህ አይጠቅምም፤ የላፕቶፑን ችግር ከመስመሩ ችግር ጋር ይቀላቅለዋልና። ፒንጉ በሰከንድ 5 ጊዜ እንዲጠይቅ ማድረግ ይመረጣል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አጭር ክፍተት ሊያመልጠው ይችላል። ጤናማ በሆነ ግንኙነት መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ይመለሳል። በሌላ ተርሚናል ደግሞ አይደብሊው ኢቨንት የተባለውን ትእዛዝ ብናስኬድ፣ ካርዱ ስካን የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቅጽበት እየጠቀሰ ይጽፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። «ስካን ተጀመረ» የሚለው መስመር ብቅ ባለ ቁጥር ፒንጉ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሰከንድ ወደ ብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከ1000 በላይ ዘልሎ ስካኑ ሲያበቃ የሚመለስ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ፒንጉ ያለ ምንም ስካን በዘፈቀደ የሚዘል ከሆነ የሲግናል ድክመትን፣ የጎረቤት ዋይፋይ ጣልቃ ገብነትን ወይም በዚያው ቤት ሌላ ሰው ትልቅ ቪዲዮ እየጫነ መስመሩን መሙላቱን መመርመር ነው። እስከ ራውተሩ ድረስ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ከራውተሩ ወዲያ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ቅሬታው በእርግጥ ወደ አገልግሎት ሰጪው የሚሄድ ነው፤ ያን ጊዜም ሰዓቱንና የፒንጉን ውጤት ይዞ መቅረብ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ ክብደት አለው።

ወደ መፍትሔው ስመጣ፣ ከሞከርኳቸው መንገዶች ሁሉ ለተራ ተጠቃሚ ቀላልና ንጹሕ ሆኖ ያገኘሁት ግንኙነቱን በአንድ ራውተር አድራሻ ላይ መቆለፍ ነው። እያንዳንዱ ራውተር በሚያሰራጨው ስም ሥር ቢኤስኤስአይዲ የሚባል፣ በስድስት ጥንድ የፊደልና የቁጥር ምልክቶች የሚጻፍ መለያ አድራሻ አለው። በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ የምንጠቀምበትን ግንኙነት ከፍተን፣ ሊኑክሳችን ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀም ከሆነ አይደንቲቲ በሚለው ገጽ፣ ኬዲኢ የተባለውን ከሆነ ዋይፋይ በሚለው ገጽ ላይ ቢኤስኤስአይዲ የሚል ባዶ ቦታ እናገኛለን። እዚያ ቦታ ላይ ከሚወርደው ዝርዝር የራሳችንን ራውተር አድራሻ መርጠን እናስቀምጥና ግንኙነቱን አጥፍተን እንደገና እናበራዋለን። ኔትወርክ ማኔጀር አድራሻው ከተቆለፈ ወደ ሌላ ራውተር መዛወር እንደማይኖር ስለሚያውቅ ለሰፕሊካንቱ የፍለጋ ትእዛዙን አይሰጥም፤ ራሱም ተገናኝቶ ባለበት ጊዜ በየጊዜው የሚያደርገውን ስካን ይተዋል። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ውጤት ሳይሆን የፕሮግራሙ ሠሪዎች አስበው ያስገቡት ነው። በኡስታዙ ላፕቶፕ ላይ ይህን ካደረግን በኋላ በየሁለት ደቂቃው የነበረው ዝላይ ከፒንጉ ላይ ጠፍቷል፤ እርሳቸውም የልጆቹን መድ መስማት ችለዋል።

አድራሻውን ስንመርጥ ሁለት ነገር እናስተውል። ራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ ከዋይፋዩ አድራሻ በአንድ ወይም በሁለት ምልክት ሊለይ ስለሚችል፣ ከወረቀቱ ከመገልበጥ ከዝርዝሩ መምረጥ ይሻላል። በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሞገድ የየራሱ አድራሻ አለው፤ ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው የ5ቱ፣ ከግድግዳ ወዲያ ላለ ሰው የ2.4ቱ ይስማማል።

ይህን ምክር ለሁሉም ሰው እየሰጠሁ አይደለም። እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ባለ ሰፊ ቦታ፣ በአንድ ስም ብዙ ራውተሮች የሚያሰራጩበት ኔትወርክ ላይ ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት እየተዘዋወረ የሚሠራ ተማሪ አድራሻ ቢቆልፍ፣ ከዚያ ራውተር ክልል እንደወጣ ግንኙነቱን ያጣል። ለእርሱ ስካኑ አገልጋዩ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከክፍል ክፍል ላፕቶፕ ይዛ ለምትዘዋወር ነርስም እንዲሁ። የሊኑክስ ሠሪዎች ነባሪውን ሴቲንግ ያዘጋጁት ላፕቶፕ ማለት ከቦታ ቦታ የሚሄድ ዕቃ ነው ብለው ነው፤ እነርሱ ባሉበት አገር ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙው ላፕቶፕ ባትሪው ሞቶ ከሶኬት ጋር ታስሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት የሚያገለግል ነው። ከቦታው ለማይነቃነቅ ማሽን የተጓዥ ሴቲንግ መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ለባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኢንቴል የጀመረውና በኦክቶበር 2019 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው አይደብሊውዲ የተባለው ፕሮግራም በሰፕሊካንቱ ቦታ ሊተካ ይችላል፤ ከተገናኘ በኋላ ሲግናሉ ካልወረደ በቀር በየጊዜው ስካን አያደርግም፤ ሲግናል ሲወርድ የሚያደርገውንም በሴቲንግ ፋይሉ መዝጋት ይቻላል። ሆኖም መተካቱ የተቀመጡ ግንኙነቶችን ሊያናጋ ስለሚችል ለቤት ተጠቃሚ የምመክረው አይደለም።

ከስካን ጋር የሚምታታ ሌላ መዘግየት ስላለ እርሱንም በአጭሩ ልጥቀስ፤ የካርዱ ኃይል ቁጠባ ነው። ኃይል ቁጠባ ሲበራ ካርዱ በየመሃሉ ስለሚያሸልብ መልሱ ያለማቋረጥ በትንሹ ይዘገያል፤ ስካን ግን ረጅም ጊዜ ደህና ቆይቶ ድንገት ይመታል። በኔትወርክ ማኔጀር ሴቲንግ ፋይል ዋይፋይ ፓወርሴቭ የሚለውን ዋጋ 3 ከነበረ 2 ማድረግ ቁጠባውን ያጠፋዋል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በባትሪ ለመሥራት የሚገደድ ሰው ግን ይህን ከማድረጉ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው። ራውተሩ ቅርብ ለሆነለትና ቦታ ለማይቀይር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው የኔትወርክ ኬብል መሰካት ነው፤ በኬብል ላይ ስካን የሚባል ነገር የለም።

ይህን ጉዳይ አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለማደግ አቅም የሌላቸውን የቆዩ ማሽኖች ከመጣል ሊኑክስ ጭኖ ማስቀጠል ብልህነት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶችና የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ወደዚያ እየዞሩ ነው፤ እኔም ይህን ሥራ በደስታ እሠራለሁ። ሆኖም ወደ ሊኑክስ የተዛወረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቪዲዮው ሲቆራረጥበት ካየ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ሊያሳምነው የሚችል የለም። ስለዚህ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በሌሎችም ከተሞች ላሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ፣ ተማሪዎቻቸው ኔትወርክ ሲማሩ ፍጥነት መለካትን ብቻ ሳይሆን ራውተርን በፒንግ መርምሮ መዘግየትን መለካትንም በተግባር እንዲለማመዱ ነው። ለትምህርት ቤት የኢንተርኔት ግዢ የሚያጸድቁ ኃላፊዎችም ተጨማሪ ሜጋቢት ከመፈረማቸው በፊት ይህ ምርመራ መደረጉን ቢጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ለኬብል ወይም ለተጨማሪ ራውተር ቢውል የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ይገነዘባሉ።

በትምህርት ቤት ላብራቶሪ አንዱን ማሽን አስተካክለው ዲስኩን ወደ ሌሎቹ የሚገለብጡ ባለሙያዎች ግን ይጠንቀቁ፤ የተቆለፈው አድራሻ አብሮ ስለሚገለበጥ፣ ሌላ ራውተር ባለበት ክፍል የገባ ማሽን የዋይፋዩ ስም በዝርዝሩ ላይ እየታየው መገናኘት እምቢ ይላል። በቤትም ራውተር ሲቀየር የሚያጋጥመው ይኸው ነው። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ሆትስፖት በተከፈተ ቁጥር አድራሻቸውን ስለሚለውጡ በስልክ ኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ባይቆልፍ ይሻለዋል። ግንኙነቱ እምቢ ካለ ወደዚያው ገጽ ተመልሶ ቢኤስኤስአይዲ የሚለውን ቦታ ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከአዲሱ ራውተር ጋር ከተገናኙ በኋላም አዲሱን አድራሻ መምረጥ በቂ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ አንባቢያችሁ፣
ከደሴ